ከማይነሳ ዴስክቶፕ ላይ ፋይል እንዴት ይወጣል? ከአክስቴ ሱቅ የጀመረ ዝርዝር መመሪያ

አክስቴ የጽሕፈት አገልግሎት ሱቅ አላት። ውል፣ ማመልከቻ፣ ሲቪ፣ የሠርግ መጥሪያ፤ የማትተይበው የለም። ባለፈው ክረምት አንድ ከሰዓት መብራት ሄደ፣ መጣ፣ ወዲያው ደግሞ ሄደ። ለሁለተኛ ጊዜ ሲመጣ ኮምፒውተሯ አልነሳ አለ። የሠፈር ልጅ ጠራች። ነካካውና «ወስጄ በሁለት ቀን ዊንዶውስ ጭኜ አመጣልሻለሁ» አላት። «ፋይሎቼስ?» ስትለው «እነሱማ ይጠፋሉ» ብሎ መለሰ። ያኔ ነው እያለቀሰች የደወለችልኝ። «የ11 ዓመት ሥራዬ ነው ልጄ» አለች።

አንድም ፋይል አልጠፋም። የተቃጠለው ፓወር ሰፕላዩ፣ ለዕቃዎቹ ሁሉ ኃይል የሚያከፋፍለው ክፍል፣ ነበር። ፋይሎቿ ያሉበት ሃርድ ዲስክ እዚያው ሳጥኑ ውስጥ ምንም ሳይሆን ተቀምጧል።

ዴስክቶፕ ብዙ ዕቃ ተገጣጥሞ የሚሠራ ነገር ነው። ከመሃል አንዱ ሲሞት ሁሉም ዝም ይላል። ፋይል የሚያስቀምጠው ግን ከነዚህ ሁሉ አንዱ ብቻ ነው። እሱን ነቅለን ሌላ ኮምፒውተር ላይ ብንሰካው ይከፈታል። እኔ እስካየሁት ድረስ ፋይል የሚጠፋው ኮምፒውተሩ የሞተ ቀን ሳይሆን በማግስቱ ነው፤ አንድ ሰው ቸኩሎ ዲስኩን ባዶ የሚያደርገውን ፎርማት ሲጫን። ስለዚህ ቡና አፍልታችሁ ረጋ በሉ። ሥራው ከባድ አይደለም፣ ግን ችኮላ አይወድም።

መጀመሪያ፦ የሞተው ምኑ ነው?

ሲፒዩ የምንለው ሳጥን ከመከፈቱ በፊት የቀላሉን ነገር እንጨርስ። ዲቫይደሩን በሌላ ዕቃ፣ ለምሳሌ በስልክ ቻርጀር፣ ሞክሩት። ስታብላይዘር ካለ ለጊዜው አስወጡትና ሶኬቱን በቀጥታ ግድግዳው ላይ ሰኩ። ከሳጥኑ ጀርባ የኃይል ገመዱ የሚገባበት አካባቢ ትንሽ ማብሪያ ማጥፊያ አለች። ልጆች ነክተዋት ይሆናል። እንዲህ ያለ ነገር ላይ ሰው ጥገና ከፍሎ ያውቃል።

በቆዩ ፓወር ሰፕላዮች ላይ ደግሞ ሌላ ቀይ ተንሸራታች ቁልፍ ትገኛለች። 115 ወይም 230 ይላል። የኛ አገር መብራት 220 ቮልት ነው፤ ስለዚህ 230 ላይ መሆን አለባት። ከአሜሪካ ዘመድ ያመጣው ኮምፒውተር 115 ላይ እንዳለ እዚህ ከተሰካ ጧ ይላል፣ የተቃጠለ ሽታ ይመጣል፣ በቃ። እንዲህም ሆኖ ሃርድ ዲስኩ ብዙ ጊዜ ይተርፋል። ፓወር ሰፕላዩን ግን ራሱን ፈትታችሁ እንዳትከፍቱት። ከሶኬት ከተነቀለም በኋላ ውስጡ ያሉት ካፓሲተሮች ኃይል ይዘው ይቆያሉ።

ፋኑ ይዞራል፣ መብራቱ ይበራል፣ ስክሪኑ ግን ጥቁር ነው? ያኔ ራሙን፣ ማዘርቦርዱ (ዋናው ሰሌዳ) ላይ የተሰካውን ረጅም ቀጭን ካርድ፣ ጠርጥሩ። ሶኬቱን ነቅላችሁ ራሙን አውጡ። ወርቃማ ጥርሶቹን በንጹሕ ላጲስ ቀስ ብላችሁ ጥረጉ፣ የላጲሱን ፍርፋሪ አራግፉ፣ ቀጭ እስኪል መልሱ። የድሮ ዘዴ ነው ብላችሁ አትናቁት። ስንት ኮምፒውተር በዚህ ብቻ ተነስቷል።

ኮምፒውተሩ ተነስቶ ዊንዶውስ ብቻ እምቢ ካለ፣ ሰማያዊ ስክሪን እያሳየ ወይም እየዞረ ከቀረ፣ ሳጥኑን መክፈት ላያስፈልግ ይችላል። በዊንዶውስ ፈንታ የሚሠራውን ነጻ ሲስተም፣ ሊኑክስን፣ ከፍላሽ አስነስታችሁ ፋይሉን ታወጣላችሁ። በኋላ እመለስበታለሁ።

ጆሯችሁን አቅርቡ

ይህ ክፍል አይዘለልም። ሃርድ ዲስክ ውስጡ የሚሽከረከር ሳህን አለው። የተለመደው የዴስክቶፕ ዲስክ በደቂቃ 7200 ጊዜ ይዞራል፤ በሴኮንድ 120 ጊዜ ማለት ነው። የሚያነበው ጭንቅላት ሳህኑን አይነካም። በጥቂት ናኖሜትር ከፍታ በአየር ላይ ይንሳፈፋል። ከዚህ ከፍታ ጋር ስትተያይ አንዲት የአቧራ ቅንጣት ተራራ ናት።

ስለዚህ ዲስኩ ኃይል ሲያገኝ ስሙት። ለስለስ ያለ የመዞር ድምፅና አልፎ አልፎ ኮርር የሚል ነገር ጤና ነው። እኩል እየቆጠረ ቀጭ… ቀጭ… ቀጭ ካለ፣ ወይም ብረት ከብረት እንደሚፋቅ ዓይነት ድምፅ ካለው፣ ወዲያው ነቅሉ። ጭንቅላቱ ታሟል። «አንድ ጊዜ ብቻ ልሞክር» የምትለዋ እያንዳንዷ ሙከራ ሳህኑን ልትቧጭር ትችላለች። የተቧጨረውን ማንም አይመልሰውም።

እዚህ ላይ ከሰው አፍ የምትሰሟቸውን ሁለት መድኃኒቶች ላንሳ። አንደኛው ዲስኩን ፍሪዘር ውስጥ ማሳደር ነው። ሲወጣ ውስጡ ጤዛ ይይዛል፤ ከበፊቱ ይብሳል። ሁለተኛው ከሌላ ዲስክ ላይ አረንጓዴውን ሰርኪት ፈትቶ መግጠም። በጣም በቆዩት ላይ ይሠራ ነበር። በዛሬዎቹ ላይ ግን ሰርኪቱ የዚያን ዲስክ ብቻ የሚመለከት መረጃ የያዘች ትንሽ ቺፕ አለው፤ እሷ አብራ ካልተዛወረች አይግባባም። ክዳኑን ከፍቶ ማየትማ ጨርሶ አይታሰብ።

ቀጭ ቀጭ የሚል ዲስክ ላይ ያለው ነገር በእውነት የሚያስፈልጋችሁ ከሆነ ከዚህ ውጪ ምንም ሳትነኩ ዳታ ሪከቨሪ ለሚሠራ ባለሙያ ስጡት። ዲስክ የሚከፍተው ከአቧራ በጸዳ ልዩ ክፍል ውስጥ መሆኑን ጠይቁ። ካልተገኘስ ይከፈላል ወይ ብላችሁም ጠይቁ። «እዚሁ ጠረጴዛ ላይ እከፍተዋለሁ» ካላችሁ አመስግናችሁ ውጡ።

ምን ምን ያስፈልጋል?

የሚሠራ ሌላ ኮምፒውተር፤ ላፕቶፕም ይሆናል። ባለ መስቀል ካቻቪቴ። ፋይሉን የምታሳርፉበት ኤክስተርናል ሃርድ ዲስክ፤ በሞተው ላይ ካለው ፋይል የሚበልጥ ባዶ ቦታ ያለው። እና ሃርድ ዲስክን ከዩኤስቢ ጋር የሚያገናኝ አዳፕተር።

አዳፕተሩ ላይ ሰው ይሳሳታል። የዴስክቶፑ ትልቁ ዲስክ፣ 3.5 ኢንች የሚባለው፣ 5 ቮልትም 12 ቮልትም ይፈልጋል። ዩኤስቢ የሚሰጠው 5 ቮልት ብቻ ነው። ስለዚህ የራሱ የግድግዳ ቻርጀር ያለው አዳፕተር ግዙ። ያለ ቻርጀር የሚሸጠው ቀጭኑ ገመድ ለላፕቶፑ ትንሽ ዲስክና ለኤስኤስዲ (የሚሽከረከር ሳህን ለሌለው ዲስክ) ነው። ትልቁን ብትሰኩበት ዝም ይላል፤ እናንተም ሞቷል ብላችሁ ታለቅሳላችሁ። ዩኤስቢ 3 የሆነ ብታገኙ ደግሞ ሰዓታት ታተርፋላችሁ።

አዳፕተር ካጣችሁ ሌላ ዴስክቶፕ ያለው ሰው ፈልጉ። ዲስኩን እሱ ሳጥን ውስጥ እንደ ሁለተኛ ዲስክ መሰካት ይቻላል። ኮምፒውተሩ ሲነሳ ግን ከራሱ ዲስክ መነሳቱን አረጋግጡ።

ከመግዛታችሁ በፊት ዲስኩን አይታችሁ ግዙ። ከ2003 (እ.ኤ.አ.) ወዲህ ቀስ በቀስ የተለመደው ሳታ ነው፤ ሁለት ጠፍጣፋ የኤል ቅርጽ ያላቸው መሰኪያዎች፣ አንዷ አጭር ለዳታ፣ አንዷ ረዘም ያለች ለኃይል። ከዚያ በፊት የነበረው አይዲኢ ነው፤ ሁለት ረድፍ መርፌ የመሰለ ነገርና ሰፊ ሪባን ገመድ። የአይዲኢ አዳፕተር ሌላ ነው። ጀርባው ላይ ያለችው ትንሽ ጃምፐር (መርፌዎቹ ላይ የምትሰካ ፕላስቲክ) ደግሞ «ማስተር» ላይ መሆን አለባት። በአዳዲሶቹ ኮምፒውተሮች ላይ ዲስኩ ማስቲካ የሚያህል ሆኖ ማዘርቦርዱ ላይ በአንዲት ብሎን ተይዞ ታገኙታላችሁ። ኤም.2 ይባላል። እሱም ሁለት ዓይነት ነው፤ ሳታ እና ኤንቪኤምኢ። ላዩ ላይ የተጻፈውን ፎቶ አንስታችሁ ለሻጩ አሳዩት።

መንቀል

ሶኬቱን ከግድግዳ ንቀሉ። ከዚያ የማብሪያውን ቁልፍ ለአሥር ሴኮንድ ያህል ተጭናችሁ ያዙ፤ የቀረው ኃይል ይፈስሳል። ሳጥኑን አስተኙ። የግራውን ጎን ክዳን ከኋላ ያሉትን ሁለት ብሎኖች ፈትታችሁ ወደኋላ ሳቡት። የአክስቴን ሳጥን ስከፍት የወጣው አቧራ ለአንድ ጎጆ ጣሪያ ይበቃ ነበር። ንፉት፣ ግን ውጭ።

እጃችሁን የሳጥኑ ባዶ ብረት ላይ አሳርፉ፤ ሰውነታችሁ ላይ ያለው ስታቲክ ይሄዳል። አሁን ሌላ ነገር ሳትነኩ በስልካችሁ ፎቶ አንሱ። የትኛው ገመድ ከየት እንደወጣ በኋላ ፎቶው ይነግራችኋል። ገመዶቹን ስትነቅሉ ሽቦውን ሳይሆን ጭንቅላቱን ያዙ። የሳታ መሰኪያ ፕላስቲክ ቶሎ ይሰበራል። ዲስኩ በአራት ብሎን ከታሰረ ፍቱትና ሁለት ዲስክ አለመኖሩንም እዩ። አንዳንዱ ሰው ዲ የሚለው ፓርቲሽን (የአንዱ ዲስክ ክፋይ) ሳይሆን ራሱን የቻለ ሁለተኛ ዲስክ ነው።

ከወጣ በኋላ እንደ እንቁላል ያዙት። ጠረጴዛ ላይ ስታሳርፉት እንኳ ጧ አታድርጉት።

መሰካት፣ እና «ካንስል» ማለትን መልመድ

የሚሠራውን ኮምፒውተር አስነሱ። ዲስኩን ለስላሳ ጨርቅ ላይ ሳይሆን ደረቅ ጠረጴዛ ላይ አጋድሙት፤ ይሞቃል፣ አየር ይፈልጋል። አዳፕተሩን ግጠሙ፣ መጀመሪያ ቻርጀሩን፣ ቀጥሎ ዩኤስቢውን። ስሙት። ጤነኛ ድምፅ ካለው ጠብቁ። መጀመሪያ ላይ ግማሽ ደቂቃ ሊወስድ ይችላል።

ብዙ ጊዜ «ዲስ ፒሲ» ውስጥ ሁለት ሦስት አዲስ ድራይቭ ብቅ ይላል። በቀድሞ ኮምፒውተራችሁ ሲ የነበረው አሁን ኤፍ ወይም ጂ ሊባል ይችላል። አትደንግጡ፣ ስሙ ብቻ ነው የተለወጠው።

ዊንዶውስ ግን በዚህ ሰዓት መርዳት የፈለገ መስሎት አደገኛ ጥያቄዎች ይጠይቃል። «ድራይቩን ለመጠቀም ፎርማት ማድረግ አለብህ» ካለ፣ ካንስል። «ኢኒሻላይዝ ዲስክ» ካለ፣ ካንስል። «ስካን ኤንድ ፊክስ» ካለም ለጊዜው እምቢ በሉት፤ ከጀርባው ያለው የጥገና ፕሮግራም፣ ቼክ ዲስክ፣ የታመመ ዲስክ ላይ ሲሮጥ ሊያነብ የሚገባውን ትቶ መጻፍና መሰረዝ ይጀምራል። ሕጉ አንድ ነው፦ ከዚህ ዲስክ ላይ እናነባለን እንጂ ምንም ነገር አንጽፍበትም። ሪከቨሪ ሶፍትዌር እንኳ እሱ ላይ አይጫንም።

ድራይቩ ተከፍቶ የስማችሁን ፎልደር ስትነኩ «ፈቃድ የለህም» ሊል ይችላል። ይህ ጤናማ ነገር ነው። «ኮንቲኒው» ስትሉ አረንጓዴው መስመር ቀስ እያለ ይሄድና ይከፈታል። የድሮው ኮምፒውተር ፓስወርድ ነበረው ብላችሁ አትጨነቁ። የዊንዶውስ መግቢያ ፓስወርድ ዲስኩን አይቆልፍም።

ዲስኩን የሚቆልፈው ቢትሎከር የሚባለው የዊንዶውስ መቆለፊያ ነው። ድራይቩ ላይ የቁልፍ ምልክት ካያችሁና ቁጥር ከጠየቃችሁ፣ 48 አኃዝ ያለው የሪከቨሪ ቁልፍ ያስፈልጋል። በአዳዲሶቹ የዊንዶውስ 11 ማሽኖች ላይ ሰው ሳያውቀው የሚበራበት ጊዜ አለ። በማይክሮሶፍት አካውንት ገብታችሁ ትጠቀሙ ከነበረ ቁልፉ አብዛኛውን ጊዜ እዚያው አካውንት ውስጥ ተቀምጧል፤ በስልካችሁ ግቡና ዲቫይሶች የሚለው ውስጥ ፈልጉ። የመሥሪያ ቤት ኮምፒውተር ከሆነ የአይቲ ክፍሉን ጠይቁ። ቁልፉ ከሌለ በአቋራጭ የሚከፍት ሰው የለም። አለኝ የሚላችሁን አትመኑ።

ፋይሉ የት የት ይደበቃል?

«ዩዘርስ» የሚለውን ፎልደር ክፈቱ። በዊንዶውስ ኤክስፒ ጊዜ «ዶክዩመንትስ ኤንድ ሴቲንግስ» ይባል ነበር። ውስጡ የስማችሁ ፎልደር አለ፤ ዴስክቶፕ፣ ዶክዩመንትስ፣ ፒክቸርስ፣ ዳውንሎድስ። የቀላሉ መንገድ የስማችሁን ፎልደር ሙሉ በሙሉ ኮፒ ማድረግ ነው። መምረጥ በኋላ ይደርሳል።

ግን በዚህ ብቻ አትርኩ። የኛ ሰው ፋይል የሚያስቀምጥባቸው ቦታዎች ሌሎችም አሉ። ዲ ድራይቭ ላይ «ኒው ፎልደር» ብቻ የሚባሉ ስድስት ፎልደሮች ይኖራሉ፤ አክስቴ ጋ ዘጠኝ ነበሩ። ከቴሌግራም የወረደው ነገር ሁሉ ዳውንሎድስ ውስጥ «ቴሌግራም ዴስክቶፕ» የሚል ፎልደር ውስጥ ነው። የሱቅ ወይም የድርጅት ሒሳብ በፒችትሪ የምትሠሩ ከሆነ የሒሳቡ ዳታ ዶክዩመንትስ ውስጥ ላይኖር ይችላል። ፒችትሪ ወይም ሴጅ በሚል ስም «ካምፓኒ» የሚል ፎልደር ፈልጉ፤ ውስጡ ለእያንዳንዱ ድርጅት አጭር ስም ያለው ፎልደር አለ። ፎልደሩን እንዳለ ውሰዱ፣ አንዲት ፋይል መርጣችሁ አትተዉ። ሒሳብ ሠራተኛዋ ታመሰግናችኋለች።

የአውትሉክ ኢሜይል ያለበት ፋይል ከሁለት ቦታ በአንዱ ነው፤ ዶክዩመንትስ ውስጥ ወይም በተደበቀው «አፕዳታ» ውስጥ። የተደበቀ ነገር እንዲታይ ከላይ «ቪው» ገብታችሁ «ሂደን አይተምስ» ላይ ምልክት አድርጉ። የክሮም ቡክማርክም እዚያው አለ። የክሮም ፓስወርዶች ግን ከድሮው ዊንዶውስ አካውንት ጋር ተቆልፈው ስለሚቀመጡ ፋይሉን ኮፒ በማድረግ ብቻ አይከፈቱም። ከጉግል አካውንት ጋር ሲንክ ይደረጉ ከነበረ ስትገቡ ራሳቸው ይመጣሉ።

ፎልደሮቹ ሁሉ ሾርትከት ሆነው ብታገኟቸው ፍላሽ በፍላሽ የሚተላለፈው ቫይረስ ነው። ሾርትከቱን አትክፈቱ። ዋናው ፎልደር እዚያው ተደብቆ ነው ያለው፤ የተደበቀና የሲስተም ፋይል እንዲታይ ስታደርጉ ደብዘዝ ብሎ ይወጣል። ኮፒ ከማድረጋችሁ በፊት ድራይቩን በአንቲቫይረስ ፈትሹት፣ ፕሮግራም ማስጀመሪያ ፋይሎችን ደግሞ አትውሰዱ።

ለአማርኛ ተየቢ ብቻ

ይህን ክፍል የትም መመሪያ ላይ አላየሁትም፤ እኔም የተማርኩት ደንግጬ ነው። የአክስቴን ፋይሎች በሙሉ አውጥቼ አዲስ ላፕቶፕ ላይ አንዱን ውል ስከፍት ገጹ ሙሉ የላቲን ፊደልና ምልክት ዝባዝንኬ ሆነ። አክስቴ ትከሻዬ ላይ ሆና ታያለች። «ተበላሸ አይደል?» አለች።

አልተበላሸም። የግዕዝ ፊደል ዩኒኮድ ውስጥ፣ ኮምፒውተሮች ሁሉ በሚጋሩት የፊደል ኮድ ሰንጠረዥ ውስጥ፣ የገባው በ1999 (እ.ኤ.አ.) ነው። ዊንዶውስ ራሱ የግዕዝ ፎንት ይዞ መምጣት የጀመረው ናያላ ከተባለው ፎንት ጋር በቪስታ ጊዜ ነው። ከዚያ በፊት የነበሩት የአማርኛ መጻፊያዎች የላቲኑን ፊደል ኮድ ወስደው በላዩ የኛን ፊደል ሥዕል አለበሱት። ፋይሉ ውስጥ የተቀመጠው የላቲኑ ኮድ ነው፤ አማርኛ የሚያደርገው ፎንቱ ነው። በድሮው የፓወር ግዕዝ ወይም የቪዥዋል ግዕዝ ፎንት የተጻፈ ሰነድ ያ ፎንት በሌለበት ኮምፒውተር ላይ ዝባዝንኬ ይሆናል። ከዩኒኮድ በኋላም እጃችን ስለለመደ ለብዙ ዓመት በዚያው ቀጥለናል።

መፍትሔው ቀላል ነው፣ ዲስኩ ሳይጣል ከተደረገ። በድሮው ድራይቭ «ዊንዶውስ» ፎልደር ውስጥ «ፎንትስ» የሚል አለ። ሳትከፍቱት ፎልደሩን እንዳለ ኮፒ አድርጉት። ከዚያ አዲሱ ኮምፒውተር ላይ የምታውቋቸውን የአማርኛ ፎንቶች ፈልጉና በቀኝ ክሊክ «ኢንስቶል» በሉ። ወርዱን ዘግታችሁ ስትከፍቱት አማርኛው ይመለሳል። የአክስቴ ውል ሲመለስ እልል አለች፤ ደንበኞች ነበሩ፣ አላፈረችም።

ኮፒ ማድረግ

ቅደም ተከተል አብጁ። የማይተካው መጀመሪያ፦ የቤተሰብ ፎቶ፣ ቪዲዮ፣ የራሳችሁ ጽሑፍ፣ ሒሳብ። ፊልምና ሙዚቃ መጨረሻ። የጫናችኋቸው ፕሮግራሞች ጨርሶ አይወሰዱም፤ ኮፒ ቢደረጉም አይሠሩም።

ስለ ሰዓቱ ልንገራችሁ። በዩኤስቢ 2 በሴኮንድ ወደ 35 ሜጋባይት ይሄዳል እንበል፤ 500 ጊጋባይት አራት ሰዓት ያህል ይፈጃል። በዩኤስቢ 3፣ ዲስኩ ጤነኛ ከሆነ፣ አንድ ሰዓት ተኩል ገደማ። መብራት የሚያስቸግርበት ሠፈር ከሆናችሁ የላፕቶፑ ባትሪ ብቻውን አያድናችሁም፤ ትልቁ ዲስክ ኃይል የሚያገኘው ከግድግዳ ነው። ዩፒኤስ (መብራት ሲሄድ ለጥቂት ጊዜ ኃይል የሚሰጥ ባትሪ) ካለ አዳፕተሩን እሱ ላይ ሰኩት። ከሌለ ትንንሽ ፎልደር እየመረጣችሁ በየተራ ውሰዱ። «ከት» አትበሉ፣ «ኮፒ» ብቻ። ከት ላይ እያለ መብራት ቢሄድ ግማሹ እዚህ ግማሹ እዚያ ይሆናል።

ሁለት ነገር ያስቆማችኋል። አንዱ ከ4 ጊጋባይት የሚበልጥ ቪዲዮ ነው። መቀበያው ፍላሽ ወይም ዲስክ ፋት 32 በሚባለው የድሮ የፎርማት ዓይነት ከሆነ «ፋይሉ ትልቅ ነው» ይላል። መቀበያውን፣ ባዶ መሆኑን አይታችሁ፣ ኤክስፋት ወይም ኤንቲኤፍኤስ አድርጉት። ፎርማት የምታደርጉት የቱን እንደሆነ ሦስቴ እዩ። ሁለተኛው አንድ የተበላሸ ፋይል ላይ ደርሶ ሁሉም ነገር ቀጥ ሲል ነው። ቴራኮፒ የሚባለው ነጻ ፕሮግራም ያልተነበበውን ዘልሎ ይቀጥላል፤ በመጨረሻ የቀሩትን ስም ይነግራችኋል።

ሲያልቅ ፎቶዎቹን እዚህም እዚያም ክፈቷቸው። ስሙ መኖሩ ብቻ አይበቃም።

ኮምፒውተሩ ሲነሳ፣ ዊንዶውስ ሲቀር

ሌላ ሰው ጋ ሊኑክስ ሚንት ወይም ኡቡንቱ አውርዱ፤ ብዙ ጊጋባይት ስለሆነ ዋይፋይ ያለው ጓደኛ ፈልጉ። ሩፈስ በሚባል ፕሮግራም 8 ጊጋባይት ፍላሽ ላይ ይጫናል። ፍላሹ ላይ ያለው ሁሉ ይጠፋል። ፍላሹን የታመመው ኮምፒውተር ላይ ሰክታችሁ ስታስነሱ የቡት ማውጫውን ጥሩ፤ በዴልና በሌኖቮ ኤፍ 12፣ በኤችፒ ኤፍ 9 ነው። ኡቡንቱ ሲጠይቅ «ትራይ» በሉ። ሚንት ዝም ብሎ ይገባል። ሁለቱም ላይ «ኢንስቶል» የምትለዋን አትንኩ። ከዚያ ፋይል ማያውን ከፍታችሁ ድራይቩን ፈልጉና ኤክስተርናል ላይ ኮፒ አድርጉ። ሊኑክስ የዊንዶውስን ዲስክ ያነባል፣ የዊንዶውስ ቫይረስም አያስቸግረውም።

ዲስኩ ራሱ ሲታመም

ይታያል ግን ይንቀረፈፋል፣ ፎልደር ለመክፈት ደቂቃ ይፈጅበታል፣ ይጠፋና ይመጣል። ክሪስታል ዲስክ ኢንፎ በሚባል ነጻ ፕሮግራም ጤናውን እዩ። ሰማያዊ ደህና፣ ቢጫ ጥንቃቄ፣ ቀይ አበቃለት ማለት ነው። «ሪአሎኬትድ» እና «ፔንዲንግ ሴክተር» የሚሉት መስመሮች ላይ ከዜሮ የተለየ ቁጥር ካለ፣ በተለይ እያደገ ከሄደ፣ ዲስኩ በመሞት ላይ ነው።

እንዲህ ሲሆን ፋይል በፋይል ኮፒ ማድረግ ያደክመዋል። የሚሻለው ዲስኩን ሙሉ ወደ ሌላ ዲስክ መገልበጥ፣ ከዚያ ከግልባጩ ላይ መሥራት ነው። ለዚህ ሊኑክስ ላይ ያለው ዲዲሬስክዩ ተወዳዳሪ የለውም። ጤነኛውን ክፍል ቶሎ ቶሎ ያነባል፣ አስቸጋሪውን ዘልሎ ያልፋል፣ ከዚያ ተመልሶ ይታገለዋል። የት እንደደረሰ በአንድ ፋይል ይመዘግባል፤ መብራት ቢሄድ ካቆመበት ይቀጥላል። ለኛ የተሠራ ነው የሚመስለው። ተቀባዩ ዲስክ ከታመመው እኩል ወይም የሚበልጥ መሆን አለበት። ምንጩንና ተቀባዩን ካገላበጣችሁ ግን ባዶውን ዲስክ በፋይላችሁ ላይ ገለበጣችሁት ማለት ነው። ትእዛዙን ስትጽፉ አጠገባችሁ የሚያነብላችሁ ሰው ይኑር። ሊኑክስ ነክታችሁ የማታውቁ ከሆነ ይህችን ለሚያውቅ ሰው ተዉለት።

ፓርቲሽኑ ከጠፋ ወይም አንድ ሰው ፎርማት ካደረገው፣ ሌላ ምንም ካልተጻፈበት ተስፋ አለ። ፈረንሳዊው ክሪስቶፍ ግሬኒዬ የሠራቸው ቴስትዲስክና ፎቶሬክ ነጻ ናቸው። ቴስትዲስክ የጠፋ ፓርቲሽን ይመልሳል። ፎቶሬክ ፋይሎችን በቅርጻቸው እያወቀ ለቅሞ ያወጣል፤ የፋይል ስምና ፎልደር ግን አይመልስም። አሥር ሺህ ስም የለሽ ፎቶ ይሰጣችሁና መለየቱ የናንተ ነው። ኤስኤስዲ ላይ ይህ ዕድል በጣም ጠባብ ነው። ትሪም የሚባለው አሠራር የተሰረዘውን ቦታ ወዲያው ስለሚያጸዳ የሚለቀም ነገር ላይቀር ይችላል።

ከወጣ በኋላ

ፋይሎቹን ያሳረፋችሁበት አንድ ዲስክ ብቻ ከሆነ አሁንም አንድ ቅጂ ነው ያላችሁ። ሁለተኛ ቦታ ላይ እስኪቀመጥ ድረስ የድሮውን ዲስክ አትንኩት። ልትሸጡት ወይም ለሰው ልትሰጡት ከሆነ ዲሊት ማድረግ አይበቃም። «ኩዊክ ፎርማት» የምትለዋን ምልክት አንስታችሁ ሙሉ ፎርማት አድርጉት፤ ዊንዶውስ ከቪስታ ወዲህ ሙሉውን ዲስክ በዜሮ ይሞላዋል። የሚቆራረጥ ዲስክ ከሆነ በመዶሻ ይገላገሉታል።

አክስቴ አዲስ ፓወር ሰፕላይ ገዛች። ኮምፒውተሩ በዚያው ተነሳ። ዲስኩ ግን 11 ዓመት ስለሠራ በአዲስ ተካነው። አሮጌው አሁን ከማኅተሟ ጋር በመሳቢያ ውስጥ ነው። ላዩ ላይ ፕላስተር ለጥፋ በቀይ እስክሪብቶ ጽፋበታለች፦ «የ11 ዓመት ሥራ። ፎርማት የሚያደርግ ከኔ ጋር ይነጋገር።»